«ያዞረኛል» ስንት ነገር ነው?
የጆሮ ጩኸትና ማዞር ምክንያታቸው እስኪታወቅ ድረስ



የቃለ መጠይቅ አሠራር በተማርንበት ሴሚስተር መምህራችን ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር። መልሱን ጥያቄው ውስጥ አስገብታችሁ አትጠይቁ ይሉናል። እኔም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ በፈተናም መጥቶልኝ መልሼዋለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን ቆይቶ፣ ሐይቅ ከተማ አክስቴ ቤት ነው። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

አክስቴ ትውልዳቸው አምባሰል ነው፤ ካገቡ ወዲህ የሚኖሩት ሐይቅ ነው። የግራ ጆሯቸው መጮህ ከጀመረ ከዓመት በላይ ሆኖታል። መጀመሪያ ሰሞን የሚሰማቸው ማታ ማታ ብቻ ነበር። «ሰው ሁሉ ተኝቶ ጸጥ ሲል እንደ ፌንጣ ይንጫጫብኛል» ይሉ ነበር። እኛም ከሐይቁ ዳር የሚመጣ የእንቁራሪት ድምፅ ይሆናል ብለን ቀለድንበት። እየቆየ ቀንም የማይተዋቸው ሆነ። ቀጥሎ ማዞር ተጨመረ። አንድ ጠዋት ከአልጋ ሊነሱ ሲሉ ግድግዳውን ይዘው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ገበያ መውጣት ተዉ፤ እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱ ላይ እንዳይወድቁ ሰው አጠገባቸው እንዲቀመጥ ይፈልጉ ጀመር።

ለሕክምና አብሬያቸው እንድሄድ የተመረጥኩት «አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፣ አስረጂልን» ተብዬ ነው። በዋዜማው ማታ ደብተር ይዤ ፊታቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ሲያዞርዎ ጆሮዎ ይጮኻል አይደል?»
«አዎ ልጄ፣ ይጮኻል።»
«ያቅለሸልሽዎታልም?»
«እሱም አለ።»
«ምናልባት ግፊት ይሆን እንዴ?»
«ሳይሆን አይቀርም።»

ጠዋት ለሐኪሙ ያነበብኩላቸው ይህንኑ ነው። ግፊታቸው ሲለካ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ማዞር የሚያስታግስ ኪኒን ታዘዘና ተመለስን። ሁለት ወር እንዲሁ አለፈ፤ ባሰባቸው እንጂ አልተሻላቸውም። ሐኪሙን መውቀስ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ሰልፉ በሩ ድረስ ነበር፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጊዜም ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ የተበላሸ መረጃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አክስቴ «አዎ» ያሉኝ እንዳላዝንባቸው ነበር።

ሁለቱ ለምን አብረው ይመጣሉ?

የውስጥ ጆሮ ሁለት ሥራ አለው። የቀንድ አውጣ ዛጎል የሚመስለው ክፍል ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጣል። ከእሱ ጋር የተያያዙት ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች ደግሞ ራሳችን ወዴት እንደዞረ ለአንጎል ይነግራሉ። በሁለቱም ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ ሁለቱም መልእክታቸውን የሚልኩት ስምንተኛው የራስ ቅል ነርቭ በሚባለው አንድ መንገድ ነው። ስለዚህ ፈሳሹን ወይም ነርቩን የነካ ችግር መስማትንም ሚዛንንም ሊነካ ይችላል።

ዛሬ ይህ የታወቀ ነገር ቢመስልም እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ድንገት የሚያዞረው ሰው ችግሩ አንጎሉ ላይ ነው ይባል ነበር። ፕሮስፐር ሜኒየር የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በተቋቋመ ተቋም ሐኪም ነበር። እዚያም የሚያዞራቸው ሰዎች ጆሯቸው እንደሚጮህና መስማታቸው እንደሚቀንስ ሲናገሩ በጥሞና አደመጠ። እ.ኤ.አ. በ1861 የማዞሩ ምንጭ የውስጥ ጆሮ ሊሆን እንደሚችል ጽፎ አቀረበ። በዓመቱ ሞተ፤ በሽታው ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እኔን የገረመኝ ብዙ መሣሪያ በሌለበት ዘመን ይህን ያህል የደረሰው የሰው ቃል አዳምጦ መሆኑ ነው።

የጆሮ ጩኸት በሕክምናው ቋንቋ ቲኒተስ ይባላል። እንደ ትኩሳት ምልክት ነው፤ በራሱ በሽታ አይደለም። ብርቅም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጃማ ኒውሮሎጂ በተባለው መጽሔት የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ከአዋቂዎች 14 በመቶ ገደማ እንደሚያጋጥማቸው ገምቷል። አብዛኞቹ ለምደውት ይኖራሉ። (የቼኩ ሙዚቀኛ ስሜታና ሳይደነቁር በፊት ጆሮው ውስጥ ይጮህ የነበረውን ቀጭን ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1876 በጻፈው የአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ድርሰት መጨረሻ ላይ በቫዮሊን አስገብቶታል። ይህን ለአክስቴ ብነግራቸው «የኔው ግን አምባሰልም አይደል ትዝታም አይደል፤ አንዲት ክር ብቻ የሚመታ ማሲንቆ ነው» አሉኝ። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስማቸው በሚጠራ አገር ሰው ላይ እንዲህ ዓይነት ማሲንቆ መጣሉ ያሳዝናል።)

አራት ቃል፣ አራት መንገድ

ሁለተኛውን ቃለ መጠይቅ ያደረግሁት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ያስተዋልኩት በአማርኛ «ያዞረኛል» ብለን የምንጠቀልለው ነገር ለሐኪም አንድ ነገር አለመሆኑን ነው።

«ቤቱ ይዞርብኛል» የሚል ሰው ራሱ ወይም አካባቢው የሚሽከረከር ይመስለዋል። ይህ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ጆሮ ያመለክታል። «ስነሳ ዓይኔን ይጋርደኛል» ወይም «ጥቁር ይልብኛል» የሚለው ሌላ ነው። እዚህ ላይ የደም ግፊት በድንገት መውረዱ፣ ደም ማነስ፣ ውኃ ማጠር፣ የጾም ድካም፣ የልብ ችግር ይታሰባል። «ያንገዳግደኛል» የሚለው ሰው ደግሞ ተቀምጦ ደህና ሆኖ ሲራመድ ብቻ የሚቸገር ሊሆን ይችላል፤ የእግር ነርቭ (በተለይ ስኳር ባለበት ሰው)፣ የአንጎል ኋለኛ ክፍል ወይም የሚወስደው መድኃኒት ይጠየቃል። በጣም የሚያሳስተው «ጭው ይልብኛል» ነው። ሰው ሲርበውም፣ ሲደነግጥም፣ ጆሮው ሲጮህም ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። አክስቴ ለሐኪሙ «ጭው ይልብኛል» ያሉት ስለ ጆሯቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ስለ ራሳቸው መስሎኝ «ያዞራቸዋል» ብዬ ተርጉሜዋለሁ።

ሁለተኛው ትልቅ ጥያቄ ለስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው። ሲገላበጡ ወይም ቀና ሲሉ መጥቶ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚጠፋ ማዞር አብዛኛውን ጊዜ ከቦታቸው ተነቅለው ቱቦው ውስጥ በገቡ ጥቃቅን የካልሲየም ድንጋዮች የሚመጣ ነው። የሜኒየር በሽታ ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ይቆያል፤ ጆሮ መደፈን፣ የጩኸቱ ማየልና የመስማት መውጣት መውረድ አብረውት ይመጣሉ። ከማይግሬን ጋር የተያያዘው ከ5 ደቂቃ እስከ 3 ቀን ሊደርስ ይችላል። የሚዛን ነርቭ ሲቆጣ ደግሞ ለቀናት ያለማቋረጥ ያዞራል።

እንግዲህ አክስቴ ሰዓት አያስሩም። «ስንት ደቂቃ?» ብላቸው የሚመልሱልኝ እኔን ለማስደሰት የተገመተ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ትናንት ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ጀምሮ ይንገሩኝ» ብዬ ዝም አልኩ። እንዲህ አሉ፦

«ሱብሒ ስሰግድ፣ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ሳሳርፍ ቤቱ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይዞራል። የሱጁዱን ተስቢሕ ሦስቴ ብዬ ትንሽ ስቆይ ይተወኛል። ያ አያስፈራኝም፣ ለምጄዋለሁ። የሚያስፈራኝ ያኛው ነው።»

«ያኛው የቱ?»

«ግራ ጆሮዬ ድፍን ይላል። ማሲንቆው ይጮኻል፤ ከዚያ ነው የሚጥለኝ። ባለፈው ሐሙስ ዝሁር ላይ ጀምሮኝ እስከ ዐስር ሳስታውክ ነበር። ሱጁድም አልወረድኩ፣ አልተገላበጥኩም፤ ቁጭ ብዬ ነው የመጣብኝ።»

ሁለት ማዞር ነበራቸው! አንዱ በሴኮንድ የሚቆጠር፣ ከራስ እንቅስቃሴ ጋር የሚመጣ፤ ሌላው ከዝሁር እስከ ዐስር ማለትም ሦስት ሰዓት ያህል የሚቆይ፣ ጆሮን ደፍኖ የሚመጣ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን አንድ ላይ ቀላቅዬ «ሲያዞራቸው ጆሯቸው ይጮኻል» ብዬ ጽፌ ነበር። የሶላት ሰዓት ከማንኛውም የእጅ ሰዓት የተሻለ መለኪያ ሆኖ ተገኘ። ክርስቲያን ጎረቤታቸውም ቢሆኑ «ስሰግድ» ወይም «ቅዳሴ ላይ ቆሜ» ብለው ቢናገሩ ለሐኪም ትልቅ ፍንጭ ነው፤ አንደኛው ራስ ዝቅ ማለቱን፣ ሌላኛው ረዥም ጊዜ መቆሙን ይናገራልና።

እኛ አካባቢ መጠየቅ ያለባቸው

ከሐይቅና ከአምባሰል ሰው ሲጠየቅ መዘለል የሌለባቸው ጥያቄዎች ያሉ ይመስለኛል። የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ለወባ ይሰጥ የነበረው ኪኒን ጆሮ ያስጮኻል፣ ያዞራል፤ ብዙውን ጊዜ ሲቆም ይተዋል። አስፒሪን በብዛት ሲወሰድም እንዲሁ ነው። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የተባሉት መርፌዎች ግን የውስጥ ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዱ ይችላሉ። መድኃኒት የተለማመደ ቲቢ ይታከሙ የነበሩ ሰዎች፣ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የታከሙትንም ጨምሮ፣ ለወራት በመርፌ ይወስዷቸው የነበሩት እንደ ካናማይሲን ያሉ መድኃኒቶች በዚህ የታወቁ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ካናማይሲን ለዚህ ሕክምና እንዳይሰጥ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ አሁን በሚዋጡ መድኃኒቶች ተተክቷል። ስለዚህ «ከዚህ በፊት ረዥም ጊዜ መርፌ ወስደው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ጩኸት የውስጥ ጆሮን ስስ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገድላል፤ እነዚህ ደግሞ ተመልሰው አይበቅሉም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ በውጫሌና በሐይቅ በኩል አድርጎ ደሴ ሲገባ ከባድ መሣሪያ አጠገቡ የተተኮሰበት ሰው ብዙ ነው። ስለ ጆሮው ግን ማን ጠየቀው? ሕይወቱ የተረፈ ሰው ጆሮዬ ይጮኻል ብሎ ማማረር ያሳፍረዋል። ያኔ ደሴ ሆስፒታልም ተዘርፎ ከሥራ ውጪ ሆኖ ስለነበር ልታከም ቢልም መሄጃ አልነበረውም።

ሦስተኛው ቀላል ነው፤ የጆሮ ኩክ። አንዳንዱ ሰው ለወራት ተጨንቆ በአምስት ደቂቃ እጥበት ይድናል። እሱም ቢሆን በጤና ባለሙያ ይታጠብ እንጂ በፀጉር ማስያዣ አይጎርጎር። የሞቀ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ የሚጨምሩም አሉ፤ የጆሮው ታምቡር የተቀደደ ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው።

መንገዱ

የሐይቅ ሰው በአንድ ነገር ዕድለኛ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ነበር። ደብተር ያለው ሰው ሕክምናውን በመድኑ ያገኛል፤ ሆኖም የሪፈር ሰንሰለቱን መጠበቅ አለበት። ከጤና ጣቢያ ተነስቶ በየደረጃው ደሴ መድረስ ማለት ነው። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአምባሰል ገደላማ ቀበሌዎች ለሚመጣ ሰው ግን መኪና መንገድ እስኪደርስ ድረስ ያለው የእግር ጉዞ ለሚያዞረው ሰው ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

ስፔሻሊስቱም ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ሪፖርት ከዝቅተኛ ገቢ አገሮች 78 በመቶ ያህሉ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም እንኳ የላቸውም። ስለዚህ ቀጠሮ ይረዝማል። ጥያቄው እስከዚያ እንዴት ይኖራል የሚለው ነው።

እስከዚያው

አንዳንድ ነገር ግን መጠበቅ የለበትም። የአንድ ጆሮ መስማት በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ከጠፋ፣ በዚያው ሳምንት መድኃኒት ከተጀመረ የመመለስ ተስፋ ስላለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መሄድ ያስፈልጋል። ከማዞሩ ጋር አፍ ከተሳሰረ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ወይም ታይቶ የማይታወቅ ራስ ምታት ከመጣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ከዚህ ውጪ አክስቴ ቤት የሠራውን ልንገራችሁ። የጆሮ ጩኸት ጸጥታን ይወዳል። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ «ዛሬስ ተወኝ» ይላሉ፤ አልተወም፣ የሚጋራው ድምፅ ስላገኘ ነው። ስለዚህ ማታ ትንሿን ሬዲዮ ከትራሳቸው ራቅ አድርገን ዝቅ ባለ ድምፅ እንከፍታለን። የሬዲዮው ድምፅ ጩኸቱን ጨርሶ መሸፈን የለበትም፤ ትንሽ ከሱ ዝቅ ቢል ነው የሚመከረው፣ አንጎል ቀስ በቀስ ችላ ማለትን እንዲለምድ። ሙዚቃ ሲመጣ ግን እንቅልፍ ሲያጡ አየሁ፤ ማሪቱ ለገሠ አምባሰል ስታዜም ማን ይተኛል? አሁን ወሬ ብቻ ነው የምናሰማቸው። ጩኸቱን ለማጥፋት የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ጭንቀቱን በመቀነስ በኩል ጥሩ ማስረጃ ያለው በምክር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ እሱም እኛ ዘንድ እምብዛም አይገኝም። ሆኖም «ልታብድ ነው» የሚል ጎረቤት አጠገባቸው እንዳይቀመጥ ማድረግ ይቻላል፤ አድርገናልም።

ሚዛናችን በሦስት ነገር ይቆማል፤ በዓይን፣ በእግርና በውስጥ ጆሮ። ጆሮው ሲደክም ዓይን ይተካዋል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ደጅ ሲወጡ ግን ዓይንም የለም። ስለዚህ የፀሐይ መብራቷ በራቸው ሥር አድራ ትበራለች። ታንኳ፣ መሰላል፣ ገደል አፋፍና ብቻ ምጣድ ዳር መቀመጥ ቀሩ። ቀስ ብሎ መራመድና ራስን ማንቀሳቀስ ግን አልቀረም፤ አንጎል ሚዛንን እንደገና የሚማረው በእንቅስቃሴ ነውና ቀኑን ሙሉ መተኛት ያቆየዋል። የማዞር ማስታገሻ ኪኒኑም ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ ለወራት ሲወሰድ ግን ይህን መማር ያዘገያል። አክስቴ ያን ሁሉ ጊዜ ውጠውት ነበር።

ጨው መቀነስ ለሜኒየር ብዙ ጊዜ ይመከራል። ማስረጃው ጠንካራ አይደለም ይባላል፤ ቢሆንም ግፊትም ስላላቸው አይጎዳቸውም ብለን ቡናቸው ላይ የሚጨምሩትን ጨው አስተው። ይኸኛው ላይ ነው የተጣላነው። ዱዓውንና ጎረቤት ያመጡላቸውን ጠበል ማንም አልነካባቸውም። የለመንናቸው የሪፈሩ ቀን በዚያ ምክንያት እንዳይተላለፍ ብቻ ነው።

የደብተሩ ገጽ

ደሴ ለሐኪሟ የሰጠናት አንድ ገጽ ነው። በግራ በኩል «ሱጁድ ላይ» ብለን ቀን እየጻፍን ጭረት አድርገናል፤ በቀኝ «ጆሮ የሚደፍነው» ብለን ቀኑን፣ ከየትኛው ሶላት እስከ የትኛው እንደቆየ፣ ማስታወኩንና ቀድሞ የተበላውን ጽፈናል። ሐኪሟ ገጹን አንብባ አክስቴን አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸው። ራሳቸውን ወደ ግራ አዙራ በፍጥነት አስተኛቻቸውና ዓይናቸውን ተመለከተች፤ ዓይናቸው ይርገበገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በዲክስና ሆልፓይክ የተጻፈ ምርመራ መሆኑን በኋላ አነበብኩ። ቀጥላ ራሳቸውን ደረጃ በደረጃ ወደ ሌላው ጎን እያዞረች ድንጋዮቹን ወደ ቦታቸው መለሰች፤ ይህን ዘዴ ያገኘው ኤፕሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሲሆን፣ በጣም ቀላል በመሆኑ የሙያ ባልደረቦቹ ለዓመታት አላመኑትም ነበር። በማግሥቱ ሱብሒ ላይ ቤቱ አልዞረም።

ያኛው ግን አለ። የመስማት ምርመራው የግራ ጆሯቸው ወፍራም ድምፆችን የመስማት አቅሙ መቀነሱን አሳይቷል። ሐኪሟ ሜኒየርን ትጠረጥራለች፤ ከሦስት ወር በኋላ ምርመራው ይደገማል። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ስለሆነም ነርቩ ላይ እብጠት አለመኖሩን የሚያሳይ ኤምአርአይ እንዲነሱ ጽፋልናለች። ማሲንቆው ዛሬም ይመታል።

እኔ ካምፓስ ስለተመለስኩ ደብተሩን የሚይዘው አምስተኛ ክፍል የሚማረው የልጅ ልጃቸው ነው። ባለፈው ሳምንት የጻፈውን በስልክ አንብቦልኛል፦ «ቅዳሜ። ዝሁር ሳይደርስ ጀመረ። ጆሮ ተደፈነ። አንድ ሰዓት ያህል። አላስመለሳትም። እማማ ቡና በጨው ጠጥታለች፤ አትጻፈው ብላኛለች።»